ያነበብኩት ግማሹን ነበር

እሑድ 3፣ ከሰዓት

መሰከርኩ። በቤተ ክርስቲያን ማይኩን ይዤ ቆምኩ። ሁለት ወር ሙሉ ባሌ ሲያስል የሰማሁት እኔ ነኝ፤ ላቡ ያራሰውን አንሶላ በየጠዋቱ ያጠብኩት እኔ ነኝ። ሳንባ ነቀርሳ ነው ሲሉን የሐኪሙ ወንበር ላይ ዘጭ ያልኩት እኔ ነኝ። አሁን ወረቀቱ «በአክታው ውስጥ ተህዋስያኑ አልታዩም» ይላል። ወረቀቱን ከፍ አድርጌ ለጉባኤው አሳየሁና «ጌታ ባሌን ፈውሶታል፤ ነጻ ነው!» አልኩ። ቤቱ በጭብጨባ ተናወጠ።

መጋቢው ማይኩን ተቀብሎኝ «ሐኪም የጀመረውን ጌታ ጨረሰው!» አለ። ባሌን ከመዘምራኑ መሀል አስነስተው እጃቸውን ጫኑበት። እሱ ሰዓት ሠሪ ነው፤ ቀኑን ሙሉ አንገቱን ደፍቶ ከትንንሽ የሰዓት ጥርሶች ጋር የሚውል ሰው ነው፤ ሰው ፊት መቆም አይወድም። ጫማውን እያየ ቆመ።

ሐኪሙ «የቀረውን የአራት ወር መድኃኒት አንድ ቀን እንኳ እንዳያቋርጥ» ብሎ ነበር። እሱን አላነሳሁም። ምስክርነት ላይ ስለ ክኒን ማን ያወራል?

ማክሰኞ 5፣ ማሽኑ እየሠራ

የምሠራው ሆስፒታል ውስጥ ነው፤ የቀዶ ሕክምና ዕቃ ማምከኛ ክፍል። መቀሱ፣ መቆንጠጫው ሁሉ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ ትልቁ የእንፋሎት ማሽን ውስጥ ይገባል። እስኪጨርስ ሃምሳ ደቂቃ አለኝ። ይህን ደብተር የምጽፈው በዚያች ነው፤ ሲጮህ እዘጋዋለሁ።

በየጥቅሉ ላይ የምንለጥፈው ፕላስተር ሙቀት ሲነካው ይጠቁራል። አዲስ የሚቀጠር ሁሉ የጠቆረውን አይቶ «በቃ ደርሷል» ይላል። አልደረሰም። ፕላስተሩ ሙቀት እንደነካው እንጂ ጀርሙ እንደሞተ አያውቅም። ያንን የምትነግረን መሀል ላይ የምናስቀምጣት ጀርም ያለባት ትንሽ ብልቃጥ ናት፤ እሷ ደግሞ እስከ ማግስቱ አትናገርም። ብልቃጧ ሳትናገር ከዚህ ክፍል አንዲት መርፌ አትወጣም። በዚህ የተነሳ እናትና አባቴ ያወጡልኝ ስም ተረስቶ «ቆዩ» ነው የምባለው። ዛሬም አንዱ ቀዶ ሐኪም በር ላይ ቆሞ ጮኸብኝ። ዕቃ የሚያጥበው ባልደረባዬ፣ ሳሙና የምንለው፣ «ዶክተር አይድከሙ፤ እሷ መልአክ ወርዶ ቢጠይቃትም ቆይ ነው የምትለው» አለው።

ከዚህ ሳምንት ጀምሮ የጠዋት ፈረቃ ነኝ። ቁርስ አቅርቤ ባሌ ክኒኑን ሲውጥ ማየቴ ቀርቷል። ሰሃን ላይ አስቀምጬለት እወጣለሁ፣ ስመለስ ሰሃኑ ባዶ ነው። ትልቅ ሰው ነው፤ አላጎርሰው።

ሐሙስ 7

ልብስ ሰፊዋ የተቀደዱ መጠቅለያ ጨርቆቻችንን ጠግና አመጣች። ከእኛው ጉባኤ ናት፣ ብቻዋን የምትኖር፣ እጇ ከስፌት መኪናው የፈጠነ። ጨርቁን ስቆጥር ጠጋ ብላ፣

«እትዬ፣ እኔም እኮ ያንኑ መድኃኒት ከጀመርኩ ወር ሆነኝ» አለችኝ። «ለማንም አልተናገርኩም። ደንበኞቼ ከሰሙ ማን ልብሱን ይሰጠኛል?»

«እኔ ደግሞ ለማን እነግራለሁ!»

«እሑድ የተናገርሽውን ስሰማ አልቅሼ አላባራ አልኩ። እኔንስ የሚፈውሰኝ ይመስልሻል?»

ማሽኑ ጮኸ። «እመኚ ብቻ!» አልኳት በሩን እየከፈትኩ። ፊቷ በራ። ሌላ ምን ይባላል? አትመኚ ይባላል?

እሑድ 10

መጋቢው ባሌን ዛሬም አስነሳው። ሲወጡ አንዲት አሮጊት እጁን ይዛ «እንግዲህ ከዚህ በኋላ ክኒን ከዋጥክ ጌታን ጠረጠርከው ማለት ነው» ስትለው ሰማሁ። እሱ ፈገግ አለ። እኔም ስቄ አለፍኩ። አሮጊቷ ቀልደኛ ናት።

ረቡዕ 13

ባሌ አዲስ አመል አምጥቷል። መታጠቢያ ቤት ይገባና ቧንቧውን ከፍቶ አሥር ደቂቃ ያፈሰዋል። «ወይ ታጠብበት ወይ ዝጋው!» አልኩት በበሩ ላይ። ዘጋው። ቆየት ብሎ ደግሞ ከፈተው። ሠላሳ ዓመት ያልነበረበት ብክነት።

ቅዳሜ 16

ነጫጭ መሐረቦቹን ትቶ ጥቁር ሰማያዊ ገዝቷል፤ ጥቁር ማለት ይቀላል። ራሱ ነው የሚያጥባቸው። «በስተርጅና ማማር አማረህ?» አልኩት። «ነጭ ቶሎ ይቆሽሻል» አለ። እኔ እያለሁለት።

ልጄ ቀኗ ደርሷል። ባሏ ረጅም መንገድ የሚሄድ ከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ ወር ተኩል አይመለስም። ስትወልድ እኛ ጋ ትሆናለች። ጌታ ሆይ፣ በሰላም አገላግላት። ይህን ካደረግህልኝ ሌላ አልለምንህም። (እለምናለሁ፤ ታውቀኛለህ።)

ሐሙስ 21

ምጥ ይዟታል። ጌታ ሆይ ጌታ ሆይ። ሳሙና «ሂጂ እኔ አለሁ» ብሎኛል። ብልቃጧን እንዳይረሳ ሦስት ጊዜ ነገርኩት። ማሽኑ

ዓርብ 22

ሴት። ሁለቱም ደህና። ጸጉሯ ከእኔ ይበልጣል።

ሰኞ 25

ሕፃኗ ቤት ገባች። ልጄ አልጋው ላይ ተደላድላ ተቀመጠችና «አባዬ፣ ና ያዛት» አለችው። ባሌ በሩን አላለፈም።

«እጄ ዘይት ነው» አለ።

«ታጠበዋ!» አልኩት።

«የሰዓት ዘይት ሽታው አይለቅም። ለሕፃን ጥሩ አይደለም» ብሎ ከበሩ ላይ በሩቁ አያት። አስተያየቱ ደግሞ የሚወድ ሰው አስተያየት ነው፤ አንጀት ይበላል። ከዚያ ዞር ብሎ ወጣ። ልጄ እንባዋ ሞላ። «ወንድ ፈልጎ ነበር እንዴ?» አለችኝ። «ወንድ ቢሆንማ ይብስበት ነበር፤ እሱ ትንሽ ነገር ይፈራል» ብዬ ሸፈንኩለት። ከዓይን የማይታይ ብሎን በመቆንጠጫ የሚያነሳ ሰው!

ረቡዕ 27

ሱቁ ውስጥ ማደር ጀምሯል። «ሥራ ተደራርቦብኛል፤ ደግሞ ሌሊት በተነሳሁ ቁጥር ሕፃኗን አነቃታለሁ» አለ። ፍራሽ፣ ብርድ ልብስ፣ ምጣድ የምታህል መጥበሻ ይዞ ሄደ። ቀበቶውን አየሁት፤ በምስማር አዲስ ቀዳዳ በስቶበታል። ቤት ካልበላ ከየት ይወፍራል? እሑድ እሑድ ሰው «የተፈወሰው!» እያለ ሲጨብጠው እሱ ግን ከቤቱ ሸሸ። ተቀይሜዋለሁ። ጻፍኩት፤ በቃ።

እሑድ 1

አዲስ ወር። ከመዘምራኑ ጋር ቆመ እንጂ አልዘመረም። ከንፈሩን ብቻ ነበር የሚያንቀሳቅሰው። የሌላውን ድምፅ ከሱ ድምፅ የማልለይ ይመስለዋል።

ልብስ ሰፊዋ ስንወጣ እጄን ጭምቅ አድርጋ ይዛ «እትዬ፣ እኔም በእምነት ያዝኩት» አለችኝ። ደስ ብሏታል። ምን እንደያዘች አልጠየቅኳትም። ሰው ከኋላ እየገፋን ነበር።

ጸሎት አልሆነልኝም። ቃሉ ከአፌ ይወጣል፣ ጣሪያውን አያልፍም። ምን በደልኩህ? የመሰከርኩልህ እኔ አይደለሁም?

ማክሰኞ 3

ብልቃጧ ቀለም ቀየረች! የትናንቱ ዙር ጀርሙን አልገደለም፤ ፕላስተሩ ግን ሁሉም ላይ ጠቁሮ ነበር። ያ የጮኸብኝ ሐኪም ራሱ መጥቶ አመሰገነኝ። «አንድ ሰው ከሞት አዳንሽ» አለ። ደረቴ ተነፋ።

ሳሙና ጓንቱን እያወለቀ «በሥራ ላይማ ማን ይችልሻል» አለኝ። «የባልሽ ብልቃጥ ግን መቼ ተናገረች?»

«ምን ማለትህ ነው?»

«ትናንት በሱቁ በኩል ሳልፍ ግድግዳ ተደግፎ ሲያስል አየሁት። ጉልበቱን ይዞ ነበር። ነጻ ነው አላልሽም እንዴ?»

«ብርድ ነው» አልኩት። ወቅቱ ነው። ሁሉም ሰው ያስላል። ሳሙና ራሱ ያስላል።

ረቡዕ 4

ብርድ ነው።

ቅዳሜ 7፣ ከሰዓት በኋላ

ቁጭ ብዬ ልጻፈው። የትናንቱን ነው፤ ካልጻፍኩት ነገ ደግሞ ሌላ ነገር ነበር እላለሁ። ራሴን አውቀዋለሁ።

ዓርብ ከሥራ በቀጥታ ወደ ሱቁ ሄድኩ። የሄድኩት ልጨቃጨቀው ነው፤ እስከዚያ ድረስ እንኳ ልጨቃጨቀው። የሕፃኗን አሥራ አምስተኛ ቀን ረስቷል ብዬ። በሩ ገርበብ ብሏል፣ እሱ የለም፤ ከኋላ ግቢ ቧንቧው ሲፈስ ይሰማል። ያ ቧንቧ! ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። ከፊቴ የዕቃ መሳቢያዎቹ አሉ፤ በሱ ቆንጆ ጽሕፈት «ባትሪ»፣ «ማሰሪያ»፣ «መስታወት» እያለ የለጠፈባቸው። አንዷ ምንም አልተጻፈባትም። የማላውቀውን መክፈት ልማዴ ነው፤ ከፈትኳት።

ትንንሽ ብሎኖች የሚያስቀምጥባቸው የወረቀት ከረጢቶች ናቸው፤ ተደርድረዋል። እያንዳንዱ ላይ ቀን ተጽፎበታል። ሰኞ 4። ማክሰኞ 5። ረቡዕ 6። አንዱን ቀደድኩት። ክኒን። ሌላውን ቀደድኩት። ክኒን። እኔ በየጠዋቱ ሰሃኑ ላይ የማስቀምጠው፣ ያው። ሠላሳ ሦስት ከረጢት ቆጠርኩ። የመጀመሪያው ቀን ምስክርነቴን በሰጠሁ ማግስት ነው።

ሲገባ መሐረቡን አፉ ላይ ይዟል። እኔን አየ፤ መሳቢያዋን አየ። መሐረቡን ወደ ኪሱ ሊከት ሲል እጁን ያዝኩት። ጥቁር ሰማያዊ ላይ ደም አይታይም፤ እርጥብ ብቻ ነው የሚመስለው። ጣቴ ላይ ግን ቀላ።

«ለምን?» አልኩት።

«ራቅ በይ መጀመሪያ» አለና ራሱ እስከ በሩ ድረስ ሸሸ። «ሰኞ ጠዋት ክኒኑን አንስቼ አፌ ድረስ አደረስኩት። ያ ሁሉ ሰው ሲያጨበጭብ ታየኝ። አሁን ብውጠው ሚስቴ ዋሸች ማለት ነው አልኩ። ነገ እውጣለሁ አልኩ። በነጋው ደግሞ ያው።»

«ለኔ አትነግረኝም?»

«ደስ ብሎሽ ነበር። አንቺ ስንት ጊዜ ነው ደስ ያለሽ?»

«መጣል እንኳ አልጣልከውም፤ ቀን ጽፈህ አስቀመጥከው!»

«መጣልማ ከበደኝ። እየዋሸሁ መሆኔን አውቃለሁ እኮ» አለ። «የልጅ ልጄን ለምን እንዳልያዝኳት አሁን ገባሽ?»

ልጄ ፊት የሰደብኩት፣ ትንሽ ነገር ይፈራል ያልኩት ሰው፣ ሕፃኗ ቤት ከገባች ጀምሮ እጁን ሰብስቦ በሩቁ ነው አያት የሆነው። እኔ ደግሞ ቧንቧ ዝጋ ስል ነበር። ሳል መሆኑን ጆሮዬ አላወቀም? አውቋል። ጆሮዬ አውቆ ነበር። እኔ ነኝ እንዲያውቅ ያልፈለግኩት። አፈርኩ፤ እንዲህ አፍሬ አላውቅም።

ዛሬ ጠዋት ሐኪም ቤት ወሰድኩት። አክታ ሰጠ። መድኃኒቱ አሁንም ይሠራለት እንደሆነ የሚያየው ምርመራ እስከ ሁለት ሳምንት ይወስዳል፤ በመቋረጡ ተህዋስያኑ ለምደውት ከሆነ ሌላ ነገር ነው ብለውናል። ሌላው ነገር ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ሆስፒታል ነው የምሠራው።

ልጄም ይህንኑ ነው ያለችኝ። ሕፃኗን ጠቅልላ ወደ አማቷ ቤት እየወጣች፣ «እማዬ፣ አንቺ እኮ ሆስፒታል ነው የምትሠሪው!» ለሕፃኗ የመከላከያ መድኃኒት ጀምረውላታል። ልጄ ስታልፍ አልሳመችኝም። ልክ ናት።

ከዚያ በኋላ ነው የልብስ ሰፊዋ ቃል ትዝ ያለኝ። በእምነት ያዝኩት።

እየሮጥኩ ሄድኩ፤ በዚህ ዕድሜዬ። ልብስ ሰፊዋ ስፌት መኪናዋ ላይ ተቀምጣለች፣ ትከሻዋ ሹል ሆኗል። አራት ሳምንት ሆኗታል ካቆመች።

«ሰኞ ጠዋት አብረን እንሄዳለን፤ ትጀምሪያለሽ» አልኳት።

«እትዬ፣ አንቺ አይደለሽ እመኚ ያልሽኝ?»

«እኔ ነኝ።»

«ባልሽ ነጻ ነው አላልሽም?»

«አይደለም። ደም እየተፋ ነው።»

መኪናውን አቆመች። «እዚህ ለኔ ብቻ መንገርማ ቀላል ነው» አለችኝ። «ያኔ በሁሉ ፊት ነው የተናገርሽው። አሁንም በሁሉ ፊት ተናገሪ። እስክሰማሽ ድረስ ንቅንቅ አልልም፤ የትኛውን ቃልሽን እንደማምን እንጃ።» ለመንኳት። ተቆጣኋት። መኪናዋን መልሳ ማስነሳት ጀመረች።

ነገ እሑድ ነው። ጌታ ሆይ፣ አንድ ነገር ብቻ፤ ጉልበቴን አትንሣኝ።

እሑድ 8

አምልኮ ሳይጀመር መጋቢውን በጓሮ አገኘሁትና ነገርኩት። ፊቱ ተለዋወጠ።

«እህቴ፣ ዛሬ አዳዲስ ሰዎች አሉ። ገና እግራቸውን ያስገቡ ናቸው፤ ይህን ቢሰሙ ይሰናከላሉ። አንድ ሳምንት ቆዪልኝ፤ እኔ ራሴ በጥበብ አነሳዋለሁ።»

«መጋቢ፣ ቆይ ማለት እኔም አውቃለሁ። ሳምንት የላትም።»

«ማን?»

አልነገርኩትም። እሱም አላደረቀኝም። መሬት መሬቱን አይቶ «ሐኪሙ ሌላ ምን አለ ብዬ ያኔ መጠየቅ ነበረብኝ። አልጠየቅኩም። ጭብጨባው ለኔም ጥሞኝ ነበር» አለ። ይህን ስላለ እወደዋለሁ። ማይኩን ግን አልሰጠኝም፤ አልከለከለኝምም።

ስለዚህ ያለ ማይክ ቆምኩ።

«ባለፈው ወር እዚህ ቆሜ ባሌ ተፈውሷል ብያችሁ ነበር። ወረቀት አሳየኋችሁ። የወረቀቱን ግማሽ ነው የነገርኳችሁ። ሐኪሙ አራት ወር መድኃኒት ይቀረዋል ብሎ ነበር፤ እኔ ግን ቃሉን ዋጥኩት። ባሌ እኔን ላለማሳፈር ክኒኑን ተወ። አሁን በጽኑ ታሟል። ጌታ አልዋሸም። የዋሸሁት እኔ ነኝ፤ በጌታ ስም ስለዋሸሁ ደግሞ ከሌላው ውሸት ይከፋል። ከመካከላችሁ በኔ ቃል መድኃኒቱን ያቆመ ካለ ነገ ጠዋት ይጀምር። በጤና ጣቢያው ደጅ ቆሜ እጠብቀዋለሁ።»

ያቺ አሮጊት ከፊት ወንበር ዞራ «ታዲያ እምነትሽ የት ሄደ?» አለችኝ።

«እዚሁ አለ፣ እማማ። የቀነስኩት ውሸቱን ነው።»

መጋቢው ወደ ፊት መጣ። የሚገሥጸኝ መሰለኝ። እሱ ግን ዓይኑን ጨፍኖ «ጌታ ሆይ፣ ነገ ጠዋት ወንድማችን ክኒኑን ሲውጥ ከጎኑ ሁን» ብሎ ጸለየ። እዚያ ቤት ስለ ክኒን ሲጸለይ የመጀመሪያው ነው። «አሜን» ያሉት ግማሾቹ ናቸው። የቀሩት ሲወጡ አልጨበጡኝም።

ልብስ ሰፊዋ አሜን ሳይባል ወጥታለች።

ሰኞ 9

ጤና ጣቢያው በር ላይ ደረስኩ። ልብስ ሰፊዋ ቀድማኝ ቆማለች፤ አፏን በጭምብል ሸፍናለች። ሰላም አላለችኝም። አጠገቧ ቆምኩ። ተራዋ ሲደርስ ቦርሳዋን እንድይዝላት ሰጠችኝ፤ ገብታ እሷም አክታ ሰጠች።

ሐሙስ 12

ወደ ሥራ ከመሄዴ በፊት ሱቁ በር ላይ እቆማለሁ። እሱ ውስጥ ሆኖ ክኒኑን አንድ በአንድ ያሳየኛል፤ ይውጣል፤ እንደ ልጅ አፉን ከፍቶ ያሳየኛል። ዛሬ ምላሱን አወጣብኝ። ሳቅኩ፤ ከዚያ እስከ ሆስፒታሉ እያለቀስኩ ሄድኩ።

ውጤት የለም።

ሰኞ 16

የለም። ዛሬ ሁለት ጥቅል ላይ ፕላስተር መለጠፍ ረሳሁ። ሳሙና ዝም ብሎ ለጠፈልኝ። ሳይቀልድ። ሳሙና ሳይቀልድ ሲቀር ነው የፈራሁት።

ጸሎቴ አጥሯል። ድሮ ለጌታ ምን እንደሚያደርግ አስረዳው ነበር፤ ከነመንገዱ፣ ከነሰዓቱ። አሁን ስማቸውን ጠርቼ ዝም እላለሁ። የሱን። የሷን። የሕፃኗን። ይሰማኛል ብዬ አምናለሁ። ምን እንደሚመልስ ግን አላውቅም፤ ሁለቱን አንድ ላይ መሸከም ከብዶኛል።

ረቡዕ 18

ልጄ ደወለች። «አባዬ በላ?» ብላ ብቻ ጠየቀችኝ። «በላ» አልኳት። «አንቺስ?» አለች። ስልኩን ዘግቼ አመሰገንኩ።

ዓርብ 20

ሁለቱም ውጤት በአንድ ቀን ደረሰ።

የባሌ፦ መድኃኒቱ ይሠራለታል። ከመጀመሪያው ቀን እንደገና፣ ስድስት ወር።

የሷ፦ ዋናው መድኃኒት ጀርሙን አይገድለውም። ወደ ሌላ ከተማ ትሄዳለች፤ ለዚህ የተለየ ሆስፒታል አለ። ዓመት ይሁን ከዚያ በላይ አልነገሯትም።

ሐኪሙን ለብቻው ይዤ «በማቆሟ ነው?» ብዬ ጠየቅኩት። «ከመጀመሪያውም መድኃኒት የማይበግረው ጀርም ይዟት ሊሆን ይችላል፤ በማቆሟም ሊሆን ይችላል። አይታወቅም» አለኝ። አይታወቅም። ይህችን ቃል ይዤ ወጣሁ፤ ዕድሜ ልኬን ይዣት እሄዳለሁ።

ኮሪደሩ ላይ ወንበር ይዛ ተቀምጣለች። ይቅር በይኝ ልላት ተንበረከክኩ። «ተነሺ እትዬ፣ ወለሉ ቆሻሻ ነው» አለችኝ። ይቅር ብዬሻለሁም አላለች፣ አላልኩሽምም አላለች።

ለባሌ ስነግረው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ደስ ሊለን ይገባ ነበር። ሁለታችንም አፍረን ተቀመጥን።

እሑድ 22

ማክሰኞ ትሄዳለች። ሁለቱም ዛሬ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ፣ በመስኮቱ በኩል ቆሙ፤ እሷና ባሌ፣ ጭምብል አድርገው፣ ተራርቀው። መስኮቱ ተከፍቶላቸዋል። እኔ ከውስጥ፣ ከመስኮቱ ሥር ተቀመጥኩ።

መጋቢው «ምስክርነት ያለው?» አለ። ዓይኑ እኔ ላይ ነበር። የባሌ የውጤት ወረቀት ቦርሳዬ ውስጥ አለ። ዛሬ ሙሉውን፣ ከላይ እስከ ታች ማንበብ እችላለሁ፤ አንድም ውሸት የለበትም። ግን ከኋላዬ ስትተነፍስ እየሰማኋት እንዴት ብዬ ልነሳ? የሷን ትንፋሽ እያዳመጥኩ ባሌ ዳነልኝ ልበል? ቦርሳዬን አቀፍኩት።

የመስኮቱ ጠርዝ ሁለቴ ተንኳኳ።

«እኔ አለኝ» አለች ልብስ ሰፊዋ ከውጭ። ሁሉም ዞረ። «የእትዬ ባል መድኃኒቱ ይሠራለታል ተብሏል። እግዚአብሔር ይመስገን። እኔም ያው በሽታ አለብኝ፤ የኔ መድኃኒት አይሠራም ተብሏል። ማክሰኞ ወደ ሩቅ ሆስፒታል እሄዳለሁ። አልተፈወስኩም። እንደተፈወስኩ እንዳታወሩልኝ፤ ለምኑልኝ። ልብስ ያላችሁ ሰዎች ነገ መጥታችሁ ውሰዱ፤ ያላለቀም አለ።»

ማንም አላጨበጨበም። ባሌ ኮፍያውን አወለቀ። መጋቢው ማይኩን ወንበር ላይ አስቀምጦ ወደ መስኮቱ መጣ፤ ከኋላው አሮጊቷ፣ ከዚያ መዘምራኑ፣ ከዚያ ያልጨበጡኝ ሰዎች ሁሉ መጡና ዙሪያዬን ቆሙ። ስሟን ጠርቶ ጸለየ። ረጅም አልነበረም። ሲጨርስ ሁሉም «አሜን» አሉ፤ ከኔ በቀር።

ከመስኮቱ ማዶ አጎንብሳ አየችኝ። በጤና ጣቢያው ከቆምንበት ሰኞ ጀምሮ ዓይኔን ስታየኝ የመጀመሪያው ነው።

«እትዬ፣ አሜን በይ እንጂ» አለችኝ።

አልኩ።